ለቢሮ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት የታችኛውን ክዳን አስከፍቱ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብና የኦዲት ቢሮ አለን፤ 14 ሠራተኞች ነን። ከጥቂት ዓመት በፊት ለሁሉም ስስ፣ ቀለል ያለ አዲስ ላፕቶፕ ገዝተን ነበር። ዛሬ ግማሾቹ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ኪቦርዱ ላይ ሻይ ፈሶ፣ አንዱ ቻርጅ መሰኪያው ላልቶ፣ ሌላው ራም አነሰውና ልንጨምር ስንል አይጨመርም ተብሎ። ጥገና በወሰድናቸው ቁጥር ‹ይሄ አይሠራም፣ አዲስ ብትገዙ ይሻላችኋል› ነው መልሱ። አሁን በድጋሚ ልንገዛ ነው። አንዳንዱ አዲስ ግዙ ይለናል። አንዳንዱ ከውጭ የገባ ያገለገለ የሌኖቮ ቲንክፓድ ወይም የኤችፒ ኤሊትቡክ ይሻላል ይላል። ቨርጂኒያ የሚኖረው የባልደረባችን ወንድም ደግሞ ፍሬምወርክ የሚባል ሙሉ በሙሉ የሚፈታ ላፕቶፕ ላምጣላችሁ ብሏል። ሲበላሽ በእርግጥ የሚጠገነው የትኛው ነው?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ያገለገለ የቢዝነስ ላፕቶፕ፣ ማለትም ለድርጅቶች ተብሎ የተሠራውን ዓይነት፣ ግዙ። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ሁሉም አንድ ሞዴል ይሁኑ፤ ቁጥራቸውም 15። ፍሬምወርክ ግሩም ማሽን ነው፣ ለእናንተ ቢሮ ግን አልመክረውም። ምክንያቱን አንድ በአንድ ልሂድበት፤ ይረዝማል፣ ግን የምታወጡት ገንዘብ ቀላል ስላልሆነ ታገሱኝ።

«ይጠገናል ወይ?» ሲባል መጠየቅ ያለበት ማን ይጠግነዋል፣ በምን ዕቃ፣ በስንት ቀን የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ በአሥር ደቂቃ የሚስተካከል ማሽን አዲስ አበባ ላይ ወር ሊቀመጥ ይችላል፤ ኪቦርዱ እዚህ ከሌለ ምን ይደረጋል? እኔ የምለካው በቀላሉ ነው። ማሽኑ ሰኞ ጠዋት ቢበላሽ ረቡዕ ሥራ ላይ ይመለሳል ወይ? ለዚህ ሦስት ነገር አብሮ መገኘት አለበት። በተራ ካቻቢቴ የሚፈታ መሆን አለበት። መለዋወጫው ከተማው ውስጥ መኖር አለበት። አምራቹም የጥገና መመሪያውን ለማንም ክፍት ያደረገ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ቴክኒሽያኑ ምንም ጎበዝ ቢሆን እጁ ይታሰራል።

አሁን ደግሞ ቢሮ ውስጥ የሚበላሸው ምን እንደሆነ አስቡ። ሰው ሲገዛ «አይ5 ነው አይ7?» ብሎ ይጠይቃል። ፕሮሰሰር ግን ከሚበላሹት ነገሮች መጨረሻው ነው። የሚበላሸው ቻርጀሩ ነው፣ የቻርጀሩ መሰኪያ ነው፣ ባትሪው ነው፣ ኪቦርዱ ነው፣ ስክሪኑና የስክሪኑ ማጠፊያ ነው፣ አቧራ የጠጣው ፋን ነው፣ አንዳንዴም ዲስኩ ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ ስትመርጡ እነዚህን እየጠራችሁ «ይሄ ብቻውን ይቀየራል? እዚህ ይገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዋጋም ከመልክም በፊት።

ኪቦርዱን ለምሳሌ ልውሰድ፣ ምክንያቱም እናንተን የጎዳችሁ እሱ ነው። በብዙዎቹ ስስ የቤት ላፕቶፖች ላይ ኪቦርዱ ከላይኛው ክዳን ጋር የሚያያዘው ቀልጠው በተጨፈለቁ ትንንሽ የፕላስቲክ ጉጦች ነው። እሱን ለመቀየር ባትሪው፣ ፋኑ፣ ዋናው ቦርድ (ማዘርቦርዱ)፣ አንዳንዴም ስክሪኑ መውጣት አለበት፤ ከዚያ ጉጦቹ አንድ በአንድ ይሰበራሉ፤ አዲሱ ኪቦርድ ሲገባ ደግሞ በሙቀት ወይም በማጣበቂያ ይያዛል። ወይ ደግሞ የላይኛው ክዳን ከነኪቦርዱ ይገዛል። ቴክኒሽያኑ «አዲስ ብትገዙ ይሻላል» ያላችሁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ግማሽ ቀን ፈጅቶ ነገ ሊነቀል የሚችል ሥራ ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ስላልፈለገ ነው። ቲንክፓድ ቲ480 ላይ ግን ከታች በኩል ሁለት ብሎን ይላላል፣ ኪቦርዱ ሸርተት ይልና ከላይ ይነሳል። ዴል ላቲትዩድ 5490 ላይ በቁልፎቹ መሃል ያለው የፕላስቲክ ፍሬም ይነሳል፣ ሥሩ ብሎኖች አሉ፣ ኪቦርዱም ብቻውን ይወጣል። የለመደ ሰው ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ይጨርሰዋል።

በነገራችን ላይ የሒሳብ ሰዎች ስለሆናችሁ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የቁጥር ሰሌዳ ያለው የውጭ ኪቦርድ ግዙለት። 14 ኢንች ላፕቶፕ ላይ የቁጥር ሰሌዳ የለም፤ ቀኑን ሙሉ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ላይ ቁጥር የሚያስገባ ሰው ከላይኛው ረድፍ ቁጥር ሲለቅም መዋል የለበትም። ሌላም ጥቅም አለው። ስኳር ያለው ሻይ ወይም ማኪያቶ ቢደፋ የሚበላሸው ርካሹ ኪቦርድ ይሆናል። ላፕቶፑ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

ወደ ቻርጅ መሰኪያው ልምጣ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ቲ480 ድክመት አለበት፤ ሻጮች አይነግሯችሁም። ቻርጅ የሚያደርገው በዩኤስቢ-ሲ ነው፣ መሰኪያዎቹም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። ገመዱ ተሰክቶ ሳለ ላፕቶፑን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየጎተቱ መውሰድ ቀስ በቀስ መሰኪያውን ያላላዋል። ሲላላ ሥራው የቦርድ ሥራ ይሆናል፤ ሙቅ አየርና ጥሩ እጅ ይፈልጋል። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ቲንክፓዶች የተንደርቦልት (የፈጣኑ ዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ) ፈርምዌር፣ ማለትም መሰኪያውን የሚያሠራው ውስጣዊ ሶፍትዌር፣ ችግር ነበረባቸው፤ መሰኪያው ሥራ እስከማቆም ይደርስ ነበር። ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቶለታል። ቲ480 ከገዛችሁ በመጀመሪያው ቀን፣ ማሽኑ ገና ደህና ሳለ፣ ያንን ማስተካከያ ጫኑ። ሁለቱም ዩኤስቢ-ሲ መሰኪያዎች ቻርጅ ስለሚቀበሉ ስትገዙ ሁለቱንም ሞክሩ። አንዱ ብቻ ከሠራ ማሽኑ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

ላቲትዩድ 5490ና ኤሊትቡክ 840 ጂ5 በዚህ በኩል ይሻላሉ። ክቡ የቻርጀር መሰኪያቸው ከቦርዱ የተለየ ነው፤ በአጭር ገመድ ይያያዛል። ሲላላ ገመዱ ከነመሰኪያው ወጥቶ ሌላ ይገባል፣ ቦርድ አይነካም። የዴል ቻርጀር ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጫፉን ስታዩት መሃሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ላፕቶፑ ቻርጀሩ የማን እንደሆነ፣ ስንት ዋት እንደሆነ የሚለየው በእሷ ነው። መርፌዋ ከታጠፈች ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ማሽኑ ይበራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ራሱን ዝቅ አድርጎ ይንቀራፈፋል። ሰዎች ይህን ሲያዩ ቦርዱ ተበላሽቷል ብለው ማዘርቦርድ ያስፈታሉ። መጀመሪያ የጎረቤታችሁን ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ።

ባትሪ ላይ ቲ480 ወደር የለውም። ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ በእጅ የሚነቀል። የኋላውን አውጥታችሁ ሌላ ስትከቱ ማሽኑ አይጠፋም፣ የውስጡ ይይዘዋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ለሚቆምበት ቢሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደንበኛ ጋ ሄዶ ኦዲት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ትልቁን 72 ዋት-ሰዓት ባትሪ ግዙለት። ሌሎቹ ባትሪያቸው ውስጥ ነው፣ ግን በብሎን የታሰረ ነው፤ ክዳን ከፍቶ ማውጣት ነው። ልትሸሹ የሚገባው በማጣበቂያ የተለጠፈውን ነው። ሊትየም ባትሪን በኃይል መንቀል አደገኛ ነው፤ ከታጠፈ ወይም ከተበሳ ሊነድ ይችላል። ያበጠ ባትሪ ደግሞ የመዳፊያውን ሰሌዳ (ታችፓዱን) ከሥር ወደ ላይ ይገፋል፤ መዳፊያው አልጫን ያለ ወይም ክዳኑ አልገጠም ያለ ላፕቶፕ ካላችሁ ዛሬውኑ አጥፉት።

ራምና ዲስክን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው። የተበየደ ነገር አትግዙ። ራሙ በሶኬት የሚገባ፣ ሁለት ቦታ ያለው ይሁን። ኤስኤስዲው (ፋይሉ የሚቀመጥበት ዲስክ) በአንድ ብሎን የሚነቀል ይሁን። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በስም መመሳሰል ነው። ቲ480 ሁለት የራም ሶኬት አለው። ቲ480ኤስ ግን አንዱ ራም የተበየደ ነው፣ ሶኬቱ አንድ ብቻ ነው። ቀጥሎ የመጣው ቲ490ም እንደዚያው። ኤክስ1 ካርቦን ሙሉ በሙሉ የተበየደ ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ 8 ጊጋ ሆኖ ከተገዛ ግን ዕድሜ ልኩን 8 ነው። ላቲትዩድ 5490ና ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ሁለት ሶኬት አላቸው። ማክቡክ የሚል ሐሳብ ካለ ደግሞ እርሱት፤ በአሁኖቹ ላይ ራሙም ማከማቻውም የሚጨመር አይደለም። ለአንድ ግለሰብ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ የሰው ሒሳብ ለሚይዝ ቢሮ ግን ቦርዱ ሲሞት ፋይሉን ይዞ የሚሞት ማሽን ያስፈራል።

ስክሪን ላይ አንድ ምክር ብቻ። ንክኪ ያለውን አትምረጡ። ንክኪ የሌለው 14 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን በብዛት ባለ 30 ፒን ኬብል ነው የሚጠቀመው፤ ስለዚህ መጠኑና ማሰሪያው ከገጠመ ከሌላ ማሽን የወጣ ስክሪን ሊሠራላችሁ ይችላል። ንክኪ ያለው ስክሪን ሲሰበር ግን ያችኑ ሞዴል ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መዞር ነው።

8ኛ ትውልድ ያልኩት ለምንድን ነው? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ላፕቶፖችን በገፍ እያወጡ ነው። ገበያው ላይ ርካሽ ቲ460፣ ቲ470፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ3ና ጂ4 የምታዩት ለዚህ ነው። ማሽኖቹ ጠንካራ ናቸው፣ በደንብም ይጠገናሉ። የደንበኛ ሒሳብና የግብር መረጃ ለሚይዝ ቢሮ ግን የደኅንነት ማሻሻያ በማያገኝ ሲስተም መጀመር ልክ አይደለም። እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። ቲ480፣ ላቲትዩድ 5490ና 840 ጂ5 በ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰርም ተሸጠዋል። የሞዴሉ ስም ብቻውን አይበቃም። «አይ5» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ 8250 ወይም 8350 ከሆነ ጥሩ፣ 7200 ወይም 7300 ከሆነ መልሱለት።

እንግዲህ ሱቅ ገባችሁ እንበል፤ መርካቶ ይሁን መገናኛ። «ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ከአሜሪካ ነው የመጣው» ይላችኋል። እሺ በሉና ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩት፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ። ቲንክፓድ ላይ በኤፍ1፣ ዴል ላይ በኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ በኤፍ10 ነው። ፓስዎርድ ከጠየቀ ተዉት፣ የቱንም ያህል ቢረክስ። የቲንክፓድ የሱፐርቫይዘር ፓስዎርድ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፤ የአምራቹ መፍትሔ ቦርድ መቀየር ነው። ውስጥ ከገባችሁ ኮምፒውትሬስ ወይም አብሶሉት የሚለውን ፈልጉ። ይህ የድሮው ባለቤት ማሽኑን ከርቀት የሚከታተልበትና የሚቆልፍበት ነው። «አክቲቬትድ» የሚል ከሆነ ገና የሰው ንብረት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫንና ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝ። የማታውቁት ድርጅት ስም መጥቶ የሥራ ኢሜይል አስገቡ ካለ ማሽኑ ከዚያ ድርጅት መዝገብ አልወጣም። ሻጩ «ኢንተርኔት ሳታገናኙ ጫኑት፣ ይሠራል» ይላል፤ ዛሬ ይሠራል፣ ዊንዶውሱን ዳግም በጫናችሁ ቁጥር ግን ይመለስባችኋል።

ቀጥሎ የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት አውጡ። ዲዛይን ካፓሲቲ እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ ባትሪው አልቋል፤ የባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስላችሁ። በመጨረሻ የታችኛው ክዳን ይከፈት። በፊታችሁ። የዝገት ወይም የውኃ ምልክት፣ የጎደለ ብሎን፣ የተነካካ ብየዳ ካለ ይታያል። እከፍታለሁ የሚል ሻጭ ማሽኑን ያውቀዋል። አልከፍትም የሚል ከሆነ ጎረቤቱ ሱቅ አለ።

አሁን ስለ 15ኛው። አብዛኛው ቢሮ ሦስት ከዚህ፣ አምስት ከዚያ እያለ ነው የሚገዛው፤ በመጨረሻ ስድስት ዓይነት ቻርጀር፣ አራት ዓይነት ባትሪ ይኖረዋል፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ሁሉም አንድ ሞዴል ሲሆኑ 15ኛው ማሽን በተራ ሁሉንም ያድናል። የአንዱ ሰው ላፕቶፕ ሲበላሽ ኤስኤስዲው ይነቀላል፣ ትርፉ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ሰውየው ከነፋይሉ ከነፒችትሪው ሥራውን ይቀጥላል። የተበላሸው ደግሞ ሳይቸኩል ይጠገናል። ዓመታት ሲያልፉ አንዱ ማሽን ቦርዱ ከሞተ እሱ ራሱ የመለዋወጫ ምንጭ ይሆናል፤ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ፋኑ፣ ራሙ ለቀሪዎቹ ይውላል። ከብራንድ ምርጫ ይልቅ ይህን አጥብቄ እይዛለሁ። 15 መካከለኛ ላቲትዩድ አንድ ዓይነት ሆነው ቢገዙ ከተደባለቁ ጥሩ ጥሩ ማሽኖች በእጅጉ ይሻላሉ።

ይህ ዲስክ ማዘዋወር እንዲሠራ አንድ ነገር ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 11 ዲስኩን ራሱ ሊቆልፈው ይችላል፤ ቢትሎከር ነው። ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲገባ ወይም ቦርድ ሲቀየር 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉ የለም፤ ማንም ቴክኒሽያን አይከፍተውም። ማሽኖቹ በገቡ ቀን የእያንዳንዱን ቁጥር አትማችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ። መደርደሪያ ላይ ያሉት አሮጌዎቹም ቢሆኑ እንዳትጥሏቸው፤ ኤስኤስዲያቸው የሚነቀል ከሆነ አውጡት፣ የደንበኛ መረጃ ይዞ ስለሆነ ለማንም አይሰጥም። ያበጠ ባትሪ ያለው ካለ ከቢሮ ይውጣ።

መመሪያን በተመለከተ ሌኖቮም፣ ዴልም፣ ኤችፒም ለቢዝነስ ሞዴሎቻቸው ሙሉ የመፍቻ መመሪያ በነፃ ያወጣሉ፤ የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ፣ የትኛው ዕቃ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ሳይቀር። መለዋወጫ ስትፈልጉ «የቲ480 ባትሪ» ብቻ አትበሉ። አሮጌው ዕቃ ላይ የተለጠፈውን የመለያ ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ ሌኖቮ ላይ ኤፍአርዩ ይባላል። በፎቶው ፈልጉ። ገበያ ላይ ተሳስቶ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል በስም ብቻ ስለሚፈለግ ነው የሚሳሳተው።

ስለ ፍሬምወርክ ልናገር፣ ምክንያቱም የወንድማችሁ ሐሳብ ከልብ የመጣ ነው። የመጀመሪያውን ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አብሮት በሚመጣ አንድ ካቻቢቴ ሁሉም ነገር ይፈታል፣ ማዘርቦርዱ ሳይቀር በአዲስ ይተካል። ዓለም ሁሉ ላፕቶፕ እንደዚህ ቢሠራ እወድ ነበር። ነገር ግን ወደ ኢትዮጵያ አይልክም። አንድ የስክሪን ማጠፊያ ቢሰበር መፍትሔው ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ ያገለገለ የፍሬምወርክ ዕቃ የለም፣ የለመደው እጅም ገና ብዙ አይደለም። ለወንድማችሁ ሌላ ሥራ ስጡት። የመረጣችሁትን ሞዴል ኦሪጅናል ባትሪና ቻርጀር ያምጣላችሁ፤ እዚህ በብዛት ተመሳስሎ የሚሠራው እሱ ነው። ትርፍ ሊትየም ባትሪ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የቲ480 ትልቁ 72 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ከ100 ዋት-ሰዓት ገደብ በታች ነው። መሰኪያ ጫፎቹን በፕላስተር ይሸፍንና ይያዘው።

የግድ አዲስ ካላችሁ ደግሞ፣ አንዳንድ ድርጅት ያገለገለ አይፈቅድለትምና፣ አሁንም ከቢዝነስ መስመር ውጡ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ቲንክፓድ ቲ14 ጄን 5 ወደ ሁለት የራም ሶኬት ተመልሷል፤ የጥገና መመሪያዎችን የሚያወጣው አይፊክስኢት ከ10 9 ሰጥቶታል። ሌላ ሞዴል ካሰባችሁ የፈረንሳይን ነጥብ እዩ። ፈረንሳይ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ የሚሸጥ ላፕቶፕ ሁሉ ከ10 የጥገና ነጥብ እንዲለጠፍበት አስገድዳለች፤ ነጥቡ የመመሪያን፣ የአፈታትን፣ የመለዋወጫ መኖርንና የመለዋወጫ ዋጋን ያያል። እዚያ ያለውን የዕቃ አቅርቦት ነው የሚለካው፣ የእኛን አይደለም። ሆኖም የአፈታት ነጥቡ የትም ቦታ ይሠራል።

የፒችትሪው ፋይል የሚቀመጥበት ማሽን ላፕቶፕ አይሁን። ያገለገለ ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤሊትዴስክ ዴስክቶፕ ይበቃዋል፤ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን ሳታዩ አትሰኩት። ከሥሩ ዩፒኤስ አድርጉ። ዩፒኤሱን ስትመርጡም በዚሁ ዓይን ነው፤ ባትሪው ተራው ባለ 12 ቮልት 7 ወይም 9 አምፒር-ሰዓት ይሁን። ሲደክም ባትሪውን ብቻ መቀየር ነው። በየጊዜው «ዩፒኤሱ ተበላሸ» ተብሎ የሚጣለው አብዛኛው ባትሪው ያለቀበት ነው።

አሁን ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ «ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ፣ 256» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ርካሹና የማይፈታው ያሸንፋል፣ የሚወዳደሩት በዋጋ ስለሆነ። መግለጫው ውስጥ ይህን አስገቡ፦ «ራም በሶኬት የሚገባ፣ ሁለት ቦታ ያለው፣ ቦርድ ላይ ያልተበየደ። ኤስኤስዲ የሚነቀል፣ ኤም ዶት 2። ባትሪ በብሎን የታሰረ ወይም በእጅ የሚነቀል። ኪቦርድ ብቻውን የሚቀየር። ስክሪን 14 ኢንች ፉል ኤችዲ፣ ንክኪ የሌለው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበል ፕሮሰሰር። ባዮስ ያልተቆለፈ፣ ከማንኛውም ድርጅት መዝገብ ነፃ የሆነ። ሁሉም 15ቱ አንድ ሞዴል። አቅራቢው ሁለት ትርፍ ቻርጀር፣ ሁለት ትርፍ ባትሪና አንድ ትርፍ ኪቦርድ አብሮ ያቀርባል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች። መለዋወጫውን ዛሬ ማቅረብ ያልቻለ ሻጭ በሁለተኛው ዓመት ከየት ያመጣዋል?

ፕሮፎርማዎቹ ሲደርሷችሁ የሞዴሉን ሙሉ ስምና የፕሮሰሰሩን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩልኝ። የትኛው ራም እንደተበየደና የትኛው መሰኪያ ከቦርዱ እንደተለየ አይቼ እነግራችኋለሁ። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይሁን።